ላቲን ያቃታቸው አባት

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ብዙዎቻችን ገና ስልካችንን አስቀምጠን እንቅልፍ የምንፈልግበት ሰዓት። በ1850ዎቹ፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ አርስ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ግን በዚህ ሰዓት የሥራ ቀን ይጀመራል። አጭር፣ በጣም የከሱ፣ ነጭ ፀጉራቸው እስከ ማጅራታቸው የወረደ አንድ ቄስ ፋኖስ ይዘው ከቤታቸው ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት እርምጃ ነው። ደጁ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ከሩቅ ከተማ የመጣ አለ፣ ከጎረቤት መንደር የመጣ አለ፤ ገበሬውም ባለጸጋውም እዚያው ሰልፍ ላይ ናቸው። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ቄስ ፊት ተንበርክኮ መናዘዝ።

ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። የሚገርመው ቁጥሩ ነው። ቄሱ መጀመሪያ ሲመጡ በመንደሯ የሚኖረው ሰው 230 ገደማ ነበር። በ1855 ግን ወደ መንደሯ የሚጎርፈው መንገደኛ በዓመት 20 ሺህ ደርሶ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ ቦታ ምን ተገኘ ብሎ ነው። ወርቅ? የድንጋይ ከሰል? ወደብ? አርስ ውስጥ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። የነበረው ፈተና ወድቆ ከዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት የተባረረ አንድ ሰው ነው።

ስሙ ዣን ማሪ ቪያኒ ይባላል። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ የካቶሊክ ቆሞሳት ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ ይታሰባል። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው።

በድብቅ የቆረበው ልጅ

ዣን ማሪ የተወለደው ሜይ 8 ቀን 1786 ሊዮን ከተማ አጠገብ በምትገኝ ዳርዲዪ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ማቲዩ ገበሬ ነው። ከስድስት ልጆች አራተኛው እሱ ነው። ልጅነቱ ከብትና በግ በመጠበቅ፣ ሲያድግ ደግሞ በእርሻ ሥራ አለፈ። ፊደል የቆጠረውም ዘግይቶ፣ እርሻ በማይኖርበት ወቅት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትምህርት ቤት በመግባት ነው።

የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በ1790 አዲሱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን በራሱ ሥር የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ካህናቱ ለሕጉ እንዲምሉ ታዘዙ። የማለው ቦታውን ይዞ ቀጠለ። አልምልም ያለው ደግሞ ተባረረ፤ ነገሩ እየከፋ ሲሄድ የተያዘው ይታሰር፣ ይሰደድ፣ አንገቱም ይቀላ ጀመር። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የቪያኒ ቤተሰብ ያልማሉትን ካህናት መረጠ። ይህ ማለት ደግሞ ቅዳሴ የሚደረገው በሌሊት፣ በሰው ቤት ወይም በጎተራ ውስጥ፣ ቦታው በሹክሹክታ እየተነገረ ነው ማለት ነው።

ልጁ መጀመሪያ የተናዘዘው በ11 ዓመቱ፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ተደብቆ ለሚያገለግል ቄስ ነው። መጀመሪያ የቆረበው ደግሞ በ13 ዓመቱ፣ በ1799፣ አክስቱ በምትኖርበት ኤኩሊ በተባለ ስፍራ ነው። ጥቂት ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ መስኮቶቹ ተዘጉ። ወቅቱ የሣር ማጨጃ ስለነበር ድርቆሽ የጫኑ ጋሪዎች መስኮቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ቆሙ። ውጭ ገበሬዎቹ ድርቆሽ ያወርዳሉ፤ ውስጥ ሻማ በርቶ ይቀደሳል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከመኸር ሥራ በቀር የሚያየው ነገር የለም።

ይቺን ትዕይንት ያዙልኝ። የዚህ ሰው ቀሪ ሕይወት በሙሉ ከዚህች ቤት የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለአንድ የገጠር ልጅ ያቺ ቁራሽ ኅብስት ሰዎች አንገታቸውን የሚሰጡላት ነገር እንደሆነች ማንም መጽሐፍ ማስተማር አላስፈለገውም። በዓይኑ አይቶታል።

ወታደርነቱም ትምህርቱም እምቢ ሲል

ናፖሊዮን በ1801 ከሮም ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ቀስ በቀስ ተከፈቱ። ዣን ማሪ ቄስ መሆን እፈልጋለሁ አለ። አባቱ እምቢ አለ። ክፋት አልነበረም፤ ሂሳብ ነው። ጎበዝ ጎልማሳ ከእርሻ ሲወጣ የሚተካው ጉልበት በገንዘብ ነው፣ ትምህርቱም ገንዘብ ይፈልጋል። አባትየው እሺ እስኪል ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ልጁ ኤኩሊ በሚኖሩት በአባ ሻርል ባሌ ዘንድ መማር ሲጀምር ዕድሜው ወደ 20 ተጠግቶ ነበር። እኚህ አባ ባሌ በዚያ የጨለማ ዘመን ሳይምሉ ተደብቀው ካገለገሉት ካህናት አንዱ ናቸው።

ችግሩ ላቲን ነበር። የዚያን ጊዜ የክህነት ትምህርት በሙሉ የሚሰጠው በላቲን ነው፤ ዣን ማሪ ደግሞ ፈረንሳይኛውን እንኳ ገና በቅጡ አልጻፈም። ያጠናል፣ ያጠናል፣ በማግስቱ ከጭንቅላቱ ላይ ብን ይላል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በእግሩ ወደ ላ ሉቬስክ ተጉዞ በዚያ በተቀበረው በቅዱስ ፍራንሷ ሬጂስ መካነ መቃብር ተሳለ፤ ስለቱ ቢያንስ ለመቀጠል የሚበቃ ላቲን እንዲገባው ብቻ ነበር። ተመልሶም ቀጠለ።

በ1809 ሌላ ጣጣ መጣ። ናፖሊዮን ስፔን ላይ ጦርነት ከፍቷል፤ ወጣት ይፈልጋል። ለክህነት የሚማሩ ከምልመላ ነጻ ቢሆኑም የዣን ማሪ ስም በስህተት ከዝርዝሩ ቀርቶ ስለነበር የጥሪ ወረቀት ደረሰው። ገብቶ ታመመ፤ መጀመሪያ ሊዮን፣ ከዚያ ሮአን ሆስፒታል ተኛ። የጦሩ ክፍል ጥሎት ሄደ። ሊከተል ሲነሳ ግን መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሌ ኖ ወደምትባል የተራራ መንደር ይዞት ገባ። እዚያ ከጦር የከዱ ወጣቶች ይደበቁ ነበር። ስሙን ዤሮም ቬንሳን ብሎ ለውጦ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ፤ ለመንደሩ ልጆችም ፊደል ያስተምር ነበር። አሳሾች ሲመጡ ድርቆሽ ውስጥ ተቀበረ፤ የጎራዴ ጫፍ ሲጠቀጥቀው ትንፍሽ ሳይል እንደቆየ ይተረካል። ድርቆሽ እንደገና መጣ ማለት ነው።

ይህን የሕይወቱን ክፍል ብዙ አድናቂዎቹ በፍጥነት ያልፉታል። እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። ከጦር የከዳ ሰው ነበር። በ1810 ናፖሊዮን ማሪ ሉዊዝን ባገባ ጊዜ ለከዱት ምሕረት ሲወጣ ዣን ማሪ ወደ ቤቱ የተመለሰው ታናሽ ወንድሙ ፍራንሷ በእሱ ፈንታ ወታደር ለመሆን ተስማምቶ ነው። እሱ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1811 መጀመሪያ፣ እናቱ አረፈች። ልጇ የት እንዳለ በመጨነቅ ያሳለፈችውን ጊዜ አስቡት። ቅድስናም ቢሆን ሌላ ሰው የሚከፍለው ወጪ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ በ26 ዓመቱ ከልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። በ1813 ሊዮን ወዳለው ትልቁ ዘርዐ ክህነት ገባ፤ የላቲን ጥያቄው ስላልገባው ፈተና ወድቆ ተሰናበተ። አባ ባሌ ግን አልተዉትም። እቤታቸው አስተማሩት፣ ለኃላፊዎቹ አማለዱለት፣ በፈረንሳይኛ እንዲጠየቅ አደረጉለት። በመጨረሻ ውሳኔው እጁ ላይ የነበረው የሀገረ ስብከቱ ኃላፊ ስለ ላቲኑ ሳይሆን ስለ ጸሎቱ ጠየቀ። መልሱ ጥሩ ነበር። አሳለፈው።

ኦገስት 13 ቀን 1815፣ ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ከተሸነፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ ዣን ማሪ ቪያኒ ግሬኖብል ከተማ ውስጥ ክህነት ተቀበለ። ከሊዮን እዚያ ድረስ የኦስትሪያ ወታደሮች በሞሉት መንገድ ብቻውን በእግሩ ነው የሄደው። ዕድሜው 29 ነው። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ ልበላቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ክህነቱን ሲሰጧቸው ለጊዜው ሰው እንዳያናዝዙ ከልክለዋቸው ነበር። እውቀታቸው አይበቃም ተብሎ።

ማንም የማይፈልጋት ቁምስና

ሁለት ዓመት ከአባ ባሌ ጋር ካገለገሉ በኋላ መምህራቸው በ1817 መጨረሻ አረፉ። በፌብሩዋሪ 1818 አባ ቪያኒ አርስ ተመደቡ። ቁምስና የምትባለው በካቶሊኮች ዘንድ አንድ ቆሞስ የሚያገለግላት የአካባቢ ምእመናን ማኅበረሰብ ናት፤ እኛ አጥቢያ እንደምንለው ማለት ነው። አርስ ደግሞ ከአጥቢያም የመጨረሻዋ ነበረች። አርባ ገደማ ቤት፣ ጭቃ መንገድ፣ ያረጀች ቤተ ክርስቲያን።

በእግራቸው ሲመጡ ጉም ነበርና መንገድ ጠፋባቸው። በግ ይጠብቅ የነበረን አንቷን ዢቭር የተባለ ልጅ ጠየቁት፤ አሳያቸው። እሳቸውም እሱ የአርስን መንገድ ስላሳያቸው እሳቸው ደግሞ የሰማይን መንገድ እንደሚያሳዩት ቃል ገቡለት።

የመንደሩ ሰው እምነቱን የካደ አልነበረም። የሆነው ከዚያ የባሰ ነገር ነው፤ ግድ አጥቷል። አብዮቱ ለአሥር ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ አንድ ትውልድ ያለ ቅዳሴ አደገ፣ ያለ ቅዳሴም መኖር እንደሚቻል አወቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት የመመለስ ፍላጎት የለውም። እሑድ እርሻ አለ። ከእርሻ በኋላ መጠጥ ቤት አለ፤ ለአርባ ቤት አራት መጠጥ ቤት። ከመጠጥ ቤቱ በኋላ ጭፈራ አለ።

ቁርባንማ ከናካቴው ተረስቷል። ደግሞ ግድ ማጣት ብቻ አይደለም። በዚያን ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሥር የሰደደ ጥብቅ አስተሳሰብ ነበር፤ ሰው ለመቁረብ ፈጽሞ የበቃ መሆን አለበት የሚል። ውጤቱ ጨዋው ሰው እንኳ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ቢቆርብ ነው። እኔ አልበቃም የሚለው ፍርሃትና እኔ አልፈልግም የሚለው ቸልታ መጨረሻቸው አንድ ሆነ፤ መንበሩ ፊት ሰው የለም። ይሄ ለእኛ አገር ሰውም እንግዳ አይመስለኝም። ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚል ልማድ እዚህም አለና።

ሳጥኑ ፊት

አዲስ ኃላፊ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመደብ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ስብሰባ ይጠራል፣ እቅድ ያወጣል። አባ ቪያኒ መጀመሪያ ያደረጉት ከመኖሪያ ቤታቸው ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለባለቤቶቹ መመለስ ነው። ሁለተኛ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ቤተ ክርስቲያን ገብተው መንበርከክ።

እዚህ ጋ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ካቶሊኮችም እንደ ኦርቶዶክሶች በቅዳሴ ላይ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል ብለው ያምናሉ። ልዩነቱ ከቅዳሴው በኋላ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን የተቀደሰው በዕለቱ ይጠናቀቃል። በላቲን ሥርዓት የሚመሩት ካቶሊኮች ግን የተረፈውን ቅዱስ ኅብስት መንበሩ አካባቢ በተቆለፈች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያኖራሉ፤ አንድም ለሕሙማን እንዲደርስ፣ አንድም ምእመኑ ፊቱ መጥቶ እንዲጸልይና እንዲሰግድ። ሳጥኗ አጠገብ መብራት ሌት ተቀን ይበራል። መብራቱ ከበራ ክርስቶስ እቤቱ አለ ማለት ነው።

አባ ቪያኒ እዚያች ሳጥን ፊት በቀን ብዙ ሰዓት ይቀመጡ ጀመር። ማንንም አልጠሩም። ሌሊት ከብቱን ሊያይ የወጣ ገበሬ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ላይ ብርሃን ያያል። በማግስቱም ያያል። መንደር ወሬ ነውና ተወራ። ቄሱ ምን ያደርጋል? ተንበርክኮ ነው። ከማን ጋር ያወራል? እንጃ። አንዳንዱ ለማየት ገባ፤ አንዳንዱም አብሮ ተንበረከከ።

ከነዚህ መሐል ሉዊ ሻፋንዦን የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ከእርሻ ሲመለስ መሣሪያውን ደጅ አስቀምጦ ይገባል፤ መጽሐፍ የለው፣ መቁጠሪያ የለው፣ ከንፈሩም አይንቀሳቀስም። ዝም ብሎ ሳጥኗን ያያል። ቆሞሱ አንድ ቀን ምን እያለ እንደሚጸልይ ጠየቁት። ምንም እንደማይል ነገራቸው፤ እሱ ጌታን ያየዋል፣ ጌታም እሱን ያየዋል፣ በቃ። አባ ቪያኒ ይህንን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ እያነሱ ያለቅሱ ነበር። ላቲን ላቃታቸው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገረ መለኮት አልተገኘም።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኗን ማደስ ጀመሩ። እሳቸው የሚለብሱት ቀሚስ የተጣፈ፣ ጫማቸው የተቀደደ፤ ለመንበሩ ግን ሊዮን ድረስ ሄደው ያገኙትን ምርጥ አልባሳት ይገዛሉ። የአርስ መኳንንት ቤተሰብም አገዛቸው። የቅዱስ ቁርባን በዓል ሲደርስ መንደሩ በአበባ ይሞላል፣ ልጆች ነጭ ይለብሳሉ፣ ቆሞሱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው በድባብ ሥር በመንገዱ ላይ ይዞራሉ። ታቦት ሲወጣ ለሚያውቅ ያገሬ ሰው ደስታውን መግለጽ አያስፈልገኝም። በድርቆሽ ጋሪ ተከልሎ ለቆረበው ልጅ ግን ይሄ ሌላ ትርጉም ነበረው። ያኔ ተደብቆ የነበረው አሁን በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ወጣ።

ማታ ማታ ደወል ያስደውላሉ፤ የቻለ ለጸሎት ይመጣል። ወንዶቹን በቅዱስ ቁርባን ማኅበር፣ ሴቶቹን በመቁጠሪያ ማኅበር አደራጁ። ዋናው ትምህርታቸው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቁረቡ ነው። ማንም የሚገባው የለም፤ ግን ሁሉም ያስፈልገዋል፤ የታመመ ሰው ድኜ ልምጣ ብሎ ከሐኪም አይርቅም። ትምህርታቸውን በራሴ ቃል ሳጠቃልለው ይሄ ነው።

በ1824 ደግሞ ካትሪን ላሳኝና ቤኖይት ላርዴ ከተባሉ ሁለት የመንደሩ ወጣት ሴቶች ጋር ሆነው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ክፍያ የለም። ስሙ ፕሮቪዳንስ ነበር፤ ቆይቶ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ማደሪያም ሆነ።

ከጭፈራ ጋር የተደረገው ጦርነት

ሁሉም ነገር አበባ አልነበረም። አባ ቪያኒ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኃይለኛ ነበሩ። መድረክ ላይ ወጥተው መጠጥ ቤቶቹን ያወግዛሉ፣ እሑድ የሚሠራውን ይገሥጻሉ። ከሁሉ የከፋው ጠብ ከጭፈራ ጋር ነው። ጭፈራ ያልተወውን አላናዝዝም፣ አልፈታም አሉ፤ አንዳንዷ ወጣት ለረዥም ጊዜ ከቁርባን ርቃ ቆየች። ለመጥምቁ ዮሐንስ መታሰቢያ ባሠሩት ክፍል በር ላይ አንገቱ የተቆረጠው በአንዲት ጭፈራ ዋጋ እንደሆነ የሚያስታውስ ጽሑፍ አስጽፈዋል። አንዴ ደግሞ ለጭፈራ የመጣውን ሙዚቀኛ ከሚያገኘው በላይ ከፍለው አሰናበቱት ይባላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አቅርቦቱን ከገበያ ገዝተው አወጡት ማለት ነው።

እኔ እንደ ዛሬ ልጅ ሳነበው ይሄኛው ክፍል ይከብደኛል። የቁርባን ናፍቆት ላሳድር ብሎ የተነሳ ሰው ራሱ ሰዎችን ከቁርባን ሲያርቅ ማየት ግራ ያጋባል። መንደሩም ዝም አላለም። ስማቸውን የሚያጠፋ ወሬ ተወራ፤ ስድብ ደጃፋቸው ላይ ተለጠፈ። ጎረቤት ቁምስናዎች ያሉ ካህናትም ይሄ መሃይም ነው ብለው ለጳጳሱ አቤት አሉ። አንዱ የክስ ወረቀት በስህተት እሳቸው እጅ ገብቶ፣ አንብበው፣ ልክ ነው ብለው ራሳቸውም ፈረሙበት የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ጳጳሱ አጣርተው ከአባ ቪያኒ ጎን ቆሙ።

ደግነቱ ሰውየው ባሉበት አልቀሩም። ሰው እያናዘዙ በሄዱ ቁጥር እየለዘቡ መጡ። ቀላል ቀኖና ይሰጡና የቀረውን ስለ ተነሳሒው ሆነው ራሳቸው ይጾሙታል። በራሳቸው ላይ ጨክነው የኖሩበትን አኗኗር ጭምር፣ የሳምንት ድንች አንዴ ቀቅለው ሻግቶም እየበሉ የከረሙበትን ጊዜ፣ በስተርጅና የወጣትነት እብደት እያሉ ያስታውሱት ነበር።

መጠጥ ቤቶቹ? አንድ በአንድ ተዘጉ። ጠጪው ሲጠፋ ማን ይከፍታል? የሚያስቀው ግን፣ ከዓመታት በኋላ ለሚጎርፈው መንገደኛ ማረፊያ ሆቴሎች እዚያው መንደር ውስጥ ተከፈቱ።

ሰልፉ

ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሌላ መንደር ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ በአሥር፣ ከዚያ በመቶ፣ ከዚያ በሺህ። የሊዮን ባቡር ጣቢያ ለአርስ ተጓዦች ለብቻ መስኮት ከፍቶ ለስምንት ቀን የሚያገለግል ትኬት እስከመሸጥ ደረሰ። ለምን ስምንት ቀን? ወረፋው ቀናት ይፈጃል።

ነገሩን በገበያ ዓይን ብታዩት፣ ያለው ሀብት የአንድ ሽማግሌ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፈላጊው 20 ሺህ። ሌላ ቦታ ቢሆን ዋጋው ሰማይ ይነካ ነበር። አርስ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሕመምተኛ ወይም መቆየት የማይችል ሲያዩ ብቻ ራሳቸው ከሳጥናቸው ወጥተው ከሰው መሐል ይጠሩታል። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት በቀን ከ16 እስከ 18 ሰዓት በዚያች ጠባብ የኑዛዜ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር። በበጋ የምታፍን፣ በክረምት እግር የምታደርቅ ሳጥን። ያኔ እንዳያናዝዙ የተከለከሉትን ሰው አስታወሳችሁ?

ሰው ሁሉ ስለ ኑዛዜው ያወራል። እሳቸው ግን ኑዛዜውን እንደ በር ነበር የሚያዩት። ሰው የሚናዘዘው ሊቆርብ ነው። ጠዋት ይቀድሳሉ፣ ያቆርባሉ፤ በአምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ለመጣው ሕዝብ ያስተምራሉ። በመጨረሻ ጥርሳቸው አልቆ፣ ድምፃቸው ደክሞ ከኋላ ያለው ሰው አይሰማቸውም ነበር። ፊታቸውን ወደዚያች ሳጥን አዙረው፣ በእጃቸው እያመለከቱ ያለቅሳሉ። ያልሰማውም ሰው ተረዳ።

መሸሽ የፈለጉ ሰው

ይህን ሁሉ ስታነቡ አባ ቪያኒ ሥራቸውን የሚወዱ ይመስላችኋል። ነገሩ ውስብስብ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ ገለል ብለው በብቸኝነት መጸለይ። ይሄን ሁሉ ነፍስ ለመምራት ብቁ አይደለሁም የሚለው ሐሳብ ለቅቋቸው አያውቅም። ያ ላቲን ያቃተው ተማሪ ውስጣቸው ነበር።

ስለዚህ ጠፉ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1843 ለሞት ካደረሳቸው ሕመም እንደተነሱ በሌሊት ወጥተው ወንድማቸው ቤት ዳርዲዪ ገቡ። ሕዝቡ ተከትሎ ዳርዲዪ ተሰለፈ። በቀናት ውስጥ ተመለሱ። በ1847 ደግሞ ያ የሚወዱት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አሠራሩ ደካማ ነው ተብሎ ለደናግል እንዲተላለፍ ተወሰነ፤ አንጀታቸው ቆሰለ፣ ግን ታዘዙ። በ1853 እንደገና ሌሊት ሊወጡ ሲሉ ተነቃባቸው። ረዳታቸው አባ ቶካንየ ጊዜ ለመግዛት የጸሎት መጽሐፋቸውን ወሰዱባቸው፤ ደወል ተደወለ፤ መንደርተኛው በሌሊት ልብሱ ወጥቶ መንገድ ዘጋ። ሕዝቡን አይተው ተመለሱ፤ ተመልሰውም የኑዛዜ ሳጥናቸው ውስጥ ገቡ።

ሹመትም ሽልማትም መጣ። በ1852 ጳጳሱ የክብር ካባ ቢያለብሷቸው ካባውን በ50 ፍራንክ ሸጠው ለድሃ ሰጡት። በ1855 መንግሥት የሌዢዮን ዶኔር ኒሻን ሰጣቸው፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለድሆቼ የሚሆን ገንዘብ አለው ወይ የሚል ነበር። በናፖሊዮን ዘመን ከጦር የከዳ ሰው፣ ናፖሊዮን ያቋቋመውን ኒሻን ተሸለመ።

በ1859 ክረምታቸው ሳይሆን በጋቸው በጣም ሞቃት ነበር። በጁላይ መጨረሻ ከኑዛዜ ሳጥኑ ሲወጡ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ኦገስት 4 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በ73 ዓመታቸው አረፉ። አርስ ውስጥ 41 ዓመት።

ከዚያስ?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1905 ብፁዕ አሏቸው። በዚያው ዓመት እኚሁ ጳጳስ ምእመናን ቶሎ ቶሎ፣ ከተቻለም በየቀኑ እንዲቆርቡ የሚያበረታታ አዋጅ አወጡ፤ በ1910 ደግሞ የልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ዕድሜ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ እንዲወርድ አደረጉ። የአርሱ ቆሞስ በአንዲት መንደር የጀመሩት ነገር የመላው ካቶሊክ ሥርዓት ሆነ ማለት ይቻላል። ፒዮስ 11ኛ በ1925 ቅድስናቸውን አወጁ፤ በ1929 የቆሞሳት ሁሉ ጠባቂ ተባሉ።

ይሄ የድሮ ታሪክ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት። በ2019 ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ጥናት፣ ቁርባኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል ብለው የሚያምኑት ካቶሊኮች 31 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ጳጳሳቱ ደነገጡ። በ2022 የቅዱስ ቁርባን መነቃቃት የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመሩ፤ በጁላይ 2024 ኢንዲያናፖሊስ በሚገኝ ትልቅ ስታዲየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰበሰቡ። አዳራሹ ጨልሞ፣ ሕዝቡ ሁሉ ተንበርክኮ፣ መድረኩ ላይ ያለው ያው ኅብስት ነበር።

ስታዲየም መሙላት ቀላል አይደለም፤ አከብራለሁ። ግን ሕዝቡ ከስታዲየም ወጥቶ የሚመለሰው ወደየቁምስናው ነው። እዚያ ደግሞ በር የሚከፍት፣ መብራቱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሰው ሲመጣ የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል። አባ ቪያኒ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ማንም በማያይበት፣ ውጤቱም በማይታወቅበት፣ በየቀኑ መገኘት። ይሄን የሚለካ ሰንጠረዥ እኔ የተማርኩት ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ዛሬ አርስ መግቢያ ላይ ሐውልት አለ። አንድ ቄስና አንድ በግ ጠባቂ ልጅ ናቸው። ያ አንቷን ዢቭር ነው። አድጎ፣ ሸምግሎ፣ እዚያው መንደር ኖረ። ቆሞሱ ባረፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ እሱም ተከተላቸው ይባላል።